የእማዋይሽ ዓይን

አንዲት ተረት አለች። ሽማግሌ ለዕርቅ ተቀምጦ፣ በዳዩ «ተዉት እንጂ፣ ያለፈ ነገር እኮ ነው» ሲል፣ ተበዳዩ አንገቱን ደፍቶ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚመልሳት ናት። ዛሬ ግን ማንም አፉ ላይ እንደ መጣለት ይወረውራታል፤ ገበያ ውስጥ እግሩን የረገጡት ሰው ሳይቀር ይላታል። እንዲህ እንደ ዋዛ ስትጠራ ስሰማ ይከፋኛል። መነሻዋን ስለማውቅ ነው። ከቀበሮና ከጅብ ጨዋታ የመጣች እንዳይመስላችሁ፤ ከአንዲት ሴት ደጃፍ ነው የወጣችው። ተረቷን አሁን ብነግራችሁ «እሷንማ እናውቃታለን» ብላችሁ ትነሣላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ሴትዮዋን ልንገራችሁ።

እማዋይሽ ትባላለች። መንዝ አፋፉ ላይ፣ እንቧይ በር በምትባል መንደር ያገባች ባለትዳር ነበረች። ባሏ ወንድይፍራው ደኅና ገበሬ ነው። አማቷ አባ ይፍሩ ደግሞ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን ምንም የማያመልጠው፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ገመድ የሚገምዱ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ልጅ አለቻት፤ ስንዱ። ጎተራዋ አይጎድልም፣ እጇም ለሰው አይሰስትም። ይህን አይቶ «ይህች ሴት ምን ጎደላት?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም።

ልብ ብሎ የሚያይ ግን ሌላ ነገር ያይ ነበር። እማዋይሽ ጎረቤት ስትሄድ ከደጅ ቆማ ትጣራለች፤ ከውስጥ የመናጫ ቅል ድምፅ ከሰማች «ኋላ እመለሳለሁ» ብላ ወደ ቤቷ ትዞራለች። የታዘለ ሕፃን ሲያሳዩአት ቀና ብላ አታይም፤ እግር እግሩን እያየች «ያሳድግልሽ» ትላለች። ሰው ሲበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ትመልሳለች። የሰው ላም ወልዳ መንደሩ ሁሉ ሊያይ ሲሄድ እሷን ራስ ምታት ይይዛታል። እንዲህ መኖር ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

ለምን በሉኝ እንጂ!

ልጅ ሳለች፣ ከተራራው ማዶ ባለችው የትውልድ መንደሯ፣ ተዋበች የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። ጓደኛ ማለትም ያንሳል። ጆሯቸውን በአንድ ቀን፣ በአንድ እሾህ ነው የተበሱት። የአንዷ እናት ስትቆጣ ሌላዋ ቤት ነበር የሚያድሩት። የተዋበች እናት ደግሞ እሳት የሆኑ ሴት ነበሩ። አንድ የኅዳር ማለዳ «እርጎውን ናጪ» ብለዋት ወንዝ ወረዱ። ተዋበች ቅሉን ደጅ፣ ውርጭ ላይ ትታ ስትጫወት ቆየችና የእናቷን ኮቴ ስትሰማ ተንደርድራ መናጥ ጀመረች። ውርጭ የመታው እርጎ ደግሞ ሲንጡት ቢውሉ ቅቤ አይሰጥም። እናትየው ቅሉን ከፍተው አዩ፣ አርጩሜ ቆረጡ።

በዚያችው ሰዓት እማዋይሽ እሳት ልትጭር ገል ይዛ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። የምድጃቸው እሳት ጠፍቶባቸው እናቷ ልከዋት ነው።

ተዋበች አርጩሜውን አየች፣ በሩን አየች፣ «እኔ ምን ላድርግ! እማዋይ አይታብኝ ነው!» አለች።

ይኸው ነው። እንዲያው ከአርጩሜ ለመዳን ያለቻት ናት። ከሰዓት በኋላ ቅሉ ምድጃ ዳር ውሎ ሲሞቅ ቅቤው ጥርግ ብሎ ወጣ፤ ግን ቃሏ ቀድማው ወጥታ ነበር። በማግስቱ ወንዝ ላይ ሴቶቹ እንስራቸውን ከእማዋይሽ እንስራ ፈቀቅ አደረጉ። በሳምንቱ አንዱ ተነሥቶ «የእናቷ አያት ሸክላ ሠሪ ነበሩ አሉ» አለ። አልነበሩም፤ ቢሆኑስ ምን ነበረበት! ሰው ግን ቡዳ ያለውን ሰው ዘር ሳይመዝለት አይተኛም። ለጥር ሊያገባት አጭቷት የነበረው ልጅ ዘመዶች ሽማግሌ ልከው አፈረሱ። የማን ሕፃን ቢያስቀምጠው፣ የማን ላም ወተት ብትነሣ፣ ሁሉም የእማዋይሽ ሆነ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን የረገጠ ሽማግሌ አልነበረም።

በአራተኛው ዓመት አባ ይፍሩ ተራራውን አቋርጠው መጡ። ወሬውን ነግረዋቸዋል፤ «ተው፣ ይቅርብህ» ያላቸውም ብዙ ነው። እሳቸው ግን «ዓይኗን አየሁት፤ ያለቀሰ ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም» ብለው ለልጃቸው ወሰዷት። እንቧይ በር ላይ ወሬውን የሚያውቁ እሳቸውና ልጃቸው ብቻ ነበሩ። ማን እንዳወጣው አልጠየቋትም። እሷም አልተናገረችም። ተዋበችም በዚያው ሰሞን ቆላ አግብታ ወረደች፤ ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ እንምጣ።

ስንዱ ታጭታለች። ለጥር መጨረሻ ሠርግ ተቆርጧል፣ ብቅሉ ተፈጭቷል፣ የጎረቤት ሴቶች በየቀኑ እየመጡ የድግሱን ስንዴ ይለቅማሉ። ልጁ መልካም ልጅ ነው፤ ስንዱም ወዳዋለች፣ አይደበቅባትም፤ ስሙ ሲነሣ ውኃ ልትቀዳ ትነሣለች። እማዋይሽን እንቅልፍ የሚነሣት የልጁ እናት ናቸው። እመት ፋንታዬ ይባላሉ። ሦስት ልጅ ቀብረዋል። ሦስቱንም «በዓይን ነው የበሉብኝ» ነው የሚሉት። የቀራቸው ይህ አንዱ ነው፤ እሱንም በክታብ ላይ ክታብ እያሠሩለት ነው ያሳደጉት። ስንዱን ከማጨታቸው በፊት በአባቷ በኩል እስከ ሰባት ቤት አጥንት ቆጥረዋል። በእናቷ በኩል ሊቆጥሩ ሲነሡ አባ ይፍሩ «እኔ መርምሬ ያመጣኋት ናት፤ በእኔ ይሁንብዎ» ስላሏቸው ተዉት። እማዋይሽ ታዲያ በየሌሊቱ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺ ቃል ተራራውን ሳትሻገር ልጄ ትዳርልኝ።

በዚያች ቅዳሜ ማለዳ ወንድይፍራው ገበያ ሄዷል። ስንዱ ጓዳው በር ላይ ተቀምጣ እርጎ ትንጣለች። እማዋይሽ እንደ ልማዷ ከቅሉ ራቅ ብላ ጌሾ ትሰነጥቃለች። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ላሟ ወተት እንኳ እንዲህ ነበረች። አባ ይፍሩ ደጅ ገመዳቸውን ይገምዳሉ።

«ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?»

እመት ፋንታዬ ነበሩ። ወደ ገበያ ሲያልፉ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ይግቡ እመት፣ ይግቡ። ምነው በደኅና?»

«በደኅና ነው፣ በደኅና። የሙሽሪትን ጫማ ዛሬ ልገዛ ነበር፤ ልኳን ሳልይዝ ወጥቼ ግማሽ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። ነይ ልጄ፣ እግርሽን ወዲህ በይ።»

ስንዱ ቅሉን አስቀምጣ፣ እያፈረች፣ እግሯን መደቡ ላይ ዘረጋች። እመት ፋንታዬ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የፈትል ክር አወጡና ከተረከዟ እስከ አውራ ጣቷ ለክተው ቋጠሩ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደገሙት።

«እኔ በሠርጌ ዕለት የጠበበ ጫማ ገዝተውልኝ፣ እግሬ ተልጦ ነው የተሞሸርኩት። ሰው በደስታዬ ያለቀስኩ መስሎታል» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እማዋይሽም ሳቀች። ክሩን መደቡ ላይ አኑረው ጠላ ተቀዳላቸው፤ ቀመስ አደረጉና «እጅሽ ይባረክ፣ ይህ ጠላ አይደለም፣ መድኃኒት ነው» አሏት። እማዋይሽ ልቧ ሞላ። እግዜር ጸሎቴን ሰምቶኛል አለች በሆዷ።

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከደጅ ሌላ ድምፅ መጣ።

«አለች ወይ? እማዋይ አለች ወይ? ኧረ ቤቱ ይህ ነው አሉኝ!»

እማዋይሽ ድምፁን አወቀችው። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣላት ደስታ ነው። ምን ታድርግ፣ የልጅነት ነገር ነው፣ ሳታስበው ከመቀመጫዋ ተነሥታለች። ቀጥሎ ግን ዞር ብላ እመት ፋንታዬን አየች።

ተዋበች ሸንኮራ ተሸክማ ገባች። ወፍራለች፣ ጠቁራለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው። እማዋይሽን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ደጋግማ ሳመቻት፣ እንባዋን ጠረገች፣ ስንዱን ሳመች፣ የማታውቃቸውን እመት ፋንታዬን ጉልበት ሳመች፣ ደጅ ተመልሳ አባ ይፍሩን ሳመች። ለአክስቷ ተዝካር ወጥታ ኖሯል፤ «እማዋይ ተራራው ማዶ ናት» ሲሏት፣ ሳላያት ብመለስ እግሬ ይቆረጥ ብላ ስትጠይቅ ስትጠይቅ መጣች። ይህን ሁሉ የተናገረችው ገና ሳትቀመጥ ነው።

«ነይ ተዋቡ፣ ጥጃዬን ላሳይሽ፤ ከትናንት ወዲያ ነው የተወለደች» አለች እማዋይሽ ክንዷን ይዛ።

«ጥጃ! ጥጃ አላውቅም እንዴ! ቁጭ ብዬ አንቺኑ ልይሽ እንጂ።»

ቁጭ አለች። እማዋይሽ ቶሎ ብላ እንጀራ አቀረበች፣ አይብ አቀረበች፣ እራሷ ጠቅልላ አጎረሰቻት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሰው ሆዷ የባባ መስሎታል። እሷ ግን ያንን አፍ ልትይዘው ነበር።

ተዋበች ጎርሳም ታወራለች። እንዴት አብረው ጆሯቸውን እንደተበሱ፣ እንዴት የቄሱን ሽምብራ እሸት እንደሰረቁ፣ እንዴት ወንዝ ውስጥ ወድቀው ልብሳቸው እስኪደርቅ ቁጥቋጦ ውስጥ እንደተደበቁ። እመት ፋንታዬ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ስንዱ እናቷ ልጅ እንደነበረች ገና ዛሬ የሰማች ያህል አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። በየጨዋታው መጨረሻ እማዋይሽ ትንፋሿን ታወጣለች፤ ሌላው ሲጀመር ደግሞ ትይዛለች።

በመካከሉ ስንዱ ቅሉን ከፍታ አየችና፣ «እናቴ፣ ዛሬስ ቅቤው እምቢ አለኝ። ማታ ደጅ አሳድሬው ብርድ መታው መሰለኝ» አለች።

ተዋበች ከት ብላ ሳቀች።

«ኧረ እማዋይ፣ ውጪላት ከቤቱ! ያንቺ ዓይን ነዋ!»

ከእሷ ሌላ የሳቀ አልነበረም። ይህንንም ያላወቀች ተዋበች ብቻ ናት።

«ምን ዓይን?» አሉ እመት ፋንታዬ።

«አልነገረችዎትም? ጉድ እኮ ነው! ልጅ ሆነን ቡዳ ናት ይሏት ነበር!»

«ተዋቡ» አለች እማዋይሽ።

«ምን ተዋቡ ትይኛለሽ፣ ውሸት ነው? ወሬው ነው እንጂ ውሸቱ! እንደ እሷ ያለ ንጹሕ ሰው የት ይገኛል፣ እመት። አገሩ ግን አመነዋ! ወንዝ ስትወርድ ሰው ይሸሻት ነበር። መጀመሪያ ያጫት ልጅ እንኳ በዚያ አይደል የቀረ? እኔ ለእሷ ስንት ቀን አልቅሻለሁ መሰላችሁ። እንዲያው ማን ነበር ባክሽ፣ ያንን ወሬ ያወጣው? ማንም ይሁን፣ ምላሱ ይቆረጥ!»

እማዋይሽ ቀና ብላ ፊቷን አየቻት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ፊት ላይ ዓይኗን ያላሳረፈች ሴት፣ ያን ጊዜ ትክ ብላ አየች። ተንኮል ፈለገች፤ ተንኮል ቢሆን ይቀላት ነበር። አላገኘችም። ተዋበች የምሯን ነው የምትራገመው። ጭራሽ ረስታዋለች።

እመት ፋንታዬ ጠላውን ሳይጨርሱ ዋንጫውን አስቀመጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «የዱሮ ሰው እንዲያው ወሬ አያጣም» አሉ፤ ድምፃቸው መልካም ነው፣ ፈገግታም አለበት። «እኔ እንግዲህ ገበያው ሳይበተንብኝ ልሂድ።»

«ትንሽ ይቀመጡ እንጂ እመት፣ ምሳ...»

«አይ፣ ይብቃኝ። ጠግቤያለሁ።»

ብድግ ብለው ወጡ። ክሩ መደቡ ላይ ቀርቷል። ስንዱ አንሥታ ከኋላቸው ሮጠች። «እመት! እመት፣ ክሩን ረሱት!»

እመት ፋንታዬ አጥሩ ጥግ ዞር አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ክሩን አልተቀበሏትም፤ መዳፋቸውን ወደ ፊት አድርገው እዚያው አስቆሟት።

«ግዴለም ልጄ። ለጊዜው ይቆይ።»

ስንዱ ክሩን እንደያዘች ተመለሰች። አባ ይፍሩ በር ላይ ሆነው የእግሯን ድምፅ ሰሙት፤ ሮጣ ወጥታ በእርምጃ እንደተመለሰች ሰሙ። ገመዳቸውን አስቀመጡ።

«ደግ አማት አግኝታለች ልጅሽ» አለች ተዋበች ቤት ውስጥ፣ ሸንኮራዋን እየላጠች። «ጨዋታ ያውቃሉ!»

ከሰዓት በኋላ ስንዱ ቅሉን ምድጃ ዳር አሙቃ ብትንጠው ቅቤው ወጣ፤ ብዙ ነበር፣ ጥሩ ነበር። ተዋበች «ለራሴ ትንሽ» ብላ ቆርሳ ተቀባች፣ መርቃ፣ ስማ፣ ወደ አክስቷ ቤት ሄደች። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቀን ካየሁ ስንት ዘመኔ እያለች ነው የሄደችው።

ማክሰኞ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ «መንገደኞች ነን» አሉ። ልጁን ትንሽ አሞታል፤ የነፍስ አባቱም ጥር አይሆንም ብለዋል፤ ሕልምም ታይቷል።

«እንግዲያ ለሚያዝያ ይሁን?» አለ ወንድይፍራው።

«እናያለን» አሉ።

እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንቧይ በር ላይ ሕፃን ያውቀዋል። ወንድይፍራው ደም ሥሩ ተገታትሮ «ምን አይታችሁ? ምን አጥታችሁ?» ቢላቸው መሬት መሬት አዩ። ያን ዕለት ማታ ስንዱ ሳትበላ ተኛች። ረቡዕ ስንዴ ሊለቅሙ ከሚመጡት ስምንት ሴቶች ሁለት ብቻ መጡ፤ እነሱም ሕፃኖቻቸውን ቤት ትተው ነው። አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ወተቷን በሯን ዘግታ ናጠች። ከተራራው ማዶ ሃያ ሁለት ዓመት ቆማ የነበረችው ቃል በአራት ቀን መንደሩን ጨረሰችው።

ይህን ሁሉ እማዋይሽ ቻለችው። ታውቀዋለች፣ አዲስ አይደለም። ያልቻለችው የሐሙሱን ነው።

ሐሙስ ጧት ስንዱ ጓዳ በር ላይ ተቀምጣ ትንጣለች። ዓይኗ አብጧል። እማዋይሽ ማገዶ ይዛ ገባች። ስንዱ ቀና ብላ እናቷን አየችና፣ ምንም ሳትናገር፣ ምንም ሳታስብም ይመስለኛል፣ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ቅሉን ሸፈነችው።

ወዲያው ደነገጠች። «እናቴ፣ እኔ እኮ...» አለች፣ ነጠላውን መልሳ ገለጠች። ግን ምን ያደርጋል። እማዋይሽ ማገዶውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ግዴለም ልጄ። ሸፍኚው» አለችና ከቤቷ ወጣች። ወጥታም የምትሄድበት አጣች። የሰው ቤት አትሄድ፣ ወንዝ አትወርድ። አጥሯ በር ላይ ቆመች።

እንግዲህ በዚህች ሰዓት ነው ተዋበች ለመሰናበት የመጣችው። ወደ ቆላ መመለሷ ነው፤ ስንቋን ይዛለች፣ ነጠላዋን አደግድጋለች።

«እማዋይ! ሠርጉ ተላለፈ አሉ፣ ምነው? እኔማ ሳልዘፍንላት ልሄድ ነው ብዬ ተቃጠልኩ። አንዱ ክፉ ሰው ገብቶባችሁ ይሆናል። ዘንድሮ ሰው ክፉ ነው፣ የሰው ደስታ አይወድም!»

እማዋይሽ ግን፣ «ተዋቡ፣ እሳት ልጭር የመጣሁ ዕለት ትዝ ይልሻል?» አለቻት።

«የምን እሳት?»

«እናትሽ የቆረጡት አርጩሜ የወይራ ነበር። ጫፉ ላይ ሁለት ቅጠል ቀርቶበታል። አንቺ ቅሉን አቅፈሽ ምሰሶው ሥር ነበርሽ። ወደ እኔ ዓይንሽን አልመለስሽም፤ በአገጭሽ አሳየሽና ‹እማዋይ አይታብኝ ነው› አልሽ። ገሉ ከእጄ ወድቆ ሁለት ቦታ ተሰበረ። እናትሽ አርጩሜውን ጥለው አማተቡ። አንቺ ያን ቀን አልተገረፍሽም።»

ተዋበች ለማስታወስ ሞከረች፤ እውነቷን ነው፣ ግንባሯን ቋጥራ ፈለገች። አላገኘችውም።

«እኔ? እኔ ነኝ ያልኩት? አፈር ስሆን፣ ትዝ አይለኝም!»

«ቅዳሜስ? እኚያ ሴትዮ ፊት ያልሽው?»

«ቅዳሜ ምን አልኩ? ተጫወትን እንጂ! ወሬው ውሸት ነው አይደል ያልኳቸው? ንጹሕ ናት አይደል ያልኳቸው?»

ደጅ የተቀመጡት አባ ይፍሩ ይህን ሁሉ ሰሙ። አሥራ ስምንት ዓመት ያልጠየቁትን ጥያቄ መልስ ሳይጠይቁ ሰሙት። ጓዳ ውስጥ የመናጫው ድምፅ እንደቆመም ሰሙ።

ተዋበች መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ግን ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። መንገዱ ሩቅ ነው። እንባዋን ጠርጋ እማዋይሽን በሁለት እጇ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ስሚኝ እህቴ። ብዬም ከሆነ ልጅ ነበርኩ፣ አርጩሜ ፈርቼ ነው። ከአፌ ወጥቶ ይሆናል እንጂ ከልቤ አልወጣም። ይኸው፣ እኔ እንኳ ረስቼዋለሁ! አንቺም እርሺው በቃ። ይህን ሁሉ ዘመን ምን ይዘሽ ኖርሽ?»

እማዋይሽ ትከሻዋን ከተዋበች እጅ አላቀቀች።

ተዋበች ያን ጊዜ ዞራ ደጅ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ጠጋ አለች። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። በነፍስ አባትዎ፣ ይህ እስካሁን ሊታወስ የሚገባው ነገር ነው?»

አባ ይፍሩ ከጉያቸው አንድ ክር አወጡ። ስንዱ ቅዳሜ አመድ ላይ ስትጥለው፣ ኮቴዋን ተከትለው ሄደው፣ ዳብሰው ያነሡት የእግሯ ልክ ነው፤ ቋጠሮው አልተፈታም። ድምፅዋ ወደ መጣበት ዞረው እጃቸውን ዘረጉና ክሩን መዳፏ ላይ አኖሩት። ተዋበች ምን እንደሆነ አላወቀችም። ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ቀደሟት።

«መንገድሽ ይቃና ልጄ፣ በሰላም ግቢ። እኔ አልረግምሽም፤ እሷም አልረገመችሽም፣ ብትረግምሽ ኖሮ እስከዛሬ አሰምታን ነበር። እርሺው ብለሽ ግን አትዘዣት፤ የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ።»